ግማሹን ብቻ ነገረቻቸው

ከሱዳን የተመለስሁት ጦርነቱ በተነሣ በሁለተኛው ወር ነው። ዘጠኝ ዓመት ገዳሪፍ ኖሬ፣ አንዲት ሻንጣና ሁለት ፌስታል ይዤ በመተማ ዮሐንስ ድልድዩን ተሻገርሁ። የተወለድሁባት ኮኪት ስደርስ የእናቴ ቤት በር ላይ ቁልፍ ይዛ የጠበቀችኝ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አብሮ አደጌ።

እኔና እሷ ግንብ ለግንብ የምንዋሰን ጎረቤታሞች ነን። ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ተምረናል። ከበሮ መምታት ያስተማረችኝ እሷ ናት። እናቴ ስትሞት እኔ በሰው አገር የሰው ልብስ እያጠብሁ ነበር፤ መንገድ ተዘግቶ መምጣት አልቻልሁም። የእናቴን ዓይን የከደነችው፣ ገላዋን ያጠበችው፣ ለአርባዋ ቀሳውስቱን ያበላችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ያደረገች ሴት ላይ ጥርጣሬ የሚባል ነገር በልቤ አልነበረም። ሊኖርም አይችልም ነበር።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የቆርቆሮው ግለት ከቤት ሲያስወጣን፣ ጓሮ ካለው የሣር ዳስ ሥር ተቀመጥን። ነጠላዬ ከአንገቴ ሸርተት ሲል አየችና፣

«ማተብሽስ?» አለችኝ።

ልዋሻት እችል ነበር። ተበጠሰ ብላት ታምነኝ ነበር። ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስዋሽ ኖሬ ደክሞኝ ነበርና የሆዴን ሁሉ አወጣሁላት። ገዳሪፍ ስገባ ሥራ ያገናኘችኝ ደላላ «የሚፈልጉት ሙስሊም ሠራተኛ ነው፤ ሙስሊም ነኝ በይ» እንዳለችኝ ነገርኋት። ማተቤን እዚያው ደላላዋ ቤት በምላጭ እንደቆረጥሁት፣ ስሜን እንደለወጥሁ፣ ረመዳንን ከቤቱ ሰዎች ጋር እንደጾምሁ፣ ከቤቱ እመቤት፣ ከአሮጊቷ ሐጃ ጎን ቆሜ እንደሰገድሁ ነገርኋት። ሐጃዋ እንደ ልጃቸው እንዳኖሩኝ፣ ስታመም ራስጌዬ ተቀምጠው እንዳደሩ፣ ጥይቱ ሲጀምር ከራሳቸው ልጆች በፊት እኔን መኪና ላይ እንዳስወጡኝም ነገርኋት። «እንዲያውም ይናፍቁኛል» አልኋት።

አለቀሰች። አብራኝ አለቀሰች ስል በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ነካ ነካ ማድረጓ አይደለም፤ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ ነው ያለቀሰችው። ከዚያ እጄን ያዘችና «ነገ አባ ዘንድ ይዤሽ እሄዳለሁ። ከእኔና ከአባ በቀር የሚሰማ የለም» አለችኝ።

አባ የምንላቸው የደብራችን ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ንስሐዬን ተቀበሉኝ። ከሃይማኖት ወጥቶ ለተመለሰ ሰው የሚደረገውን የቄደር ጥምቀትም በሳምንቱ አደረጉልኝ። የሥራ ቀን ነበር፤ ጠበሉ ዘንድ ሦስታችን ብቻ ነበርን። አባ መጽሐፉን ሲያነቡ አብሮ አደጌ ከጎኔ ጧፍ ይዛ ቆማ ነበር። ውኃው ሲፈስብኝ ነጠላዋን ዘርግታ የጋረደችኝ እሷ ናት። አዲሱን ማተብ በገዛ እጇ ፈትላ ያመጣችውም እሷ ናት። አባ አንገቴ ላይ ሲያስሩልኝ «እንኳን ለቤትሽ አበቃሽ» ብላ ሳመችኝ።

አባ የአንድ ዓመት ቀኖና ሰጡኝ። ዓመቱን ጾሜ፣ ሰግጄ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳልርቅ ጨረስሁት። ቀጥሎ ያለው መስከረም ሲመጣ አብሮ አደጌ «አሁንማ ማኅበራችን ትገቢያለሽ» አለችኝ።

እሷ ያን ጊዜ የደብራችን የሴቶች ጽዋ ማኅበር ሙሴ ነበረች። ሙሴ የምንለው መሪዋን ነው፤ ተራ የምታስጠብቅ፣ የተጣላ የምታስታርቅ፣ ለንግሥ በዓል ሴቶቹን በየሥራው የምትመድብ። ማኅበርተኞቹ በየወሩ በሃያ አንድ፣ በእመቤታችን ቀን፣ በተራ አንዳችን ቤት እንሰበሰባለን። ባለተራዋ ጠላና ዳቦ ታዘጋጃለች፣ ቄስ ይባርካል፣ ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ የሚቀጥለው ወር ባለተራ ጽዋውን በዝማሬ ተቀብላ ወደ ቤቷ ትወስዳለች። ለመስከረም ሃያ አንድ እጄን ይዛ አስገባችኝ፤ «እህቴ ናት፤ እኔን ካከበራችሁ አክብሯት» አለቻቸው። ሴቶቹ እልል አሉልኝ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው የሆንሁ መሰለኝ።

ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት የመስቀልን ደመራ አብረን አክብረን ነበር። አደይ አበባ በእኛ ቆላ አይበቅልም፤ ከደጋ በሚወርድ መኪና ይመጣልናል፤ ያን ዓመት መኪናው መንገድ ላይ ቆይቶ አበባው ጠውልጎ ደረሰ። ሴቶቹ ሊጥሉት ሲሉ እኔ እንስራ ውኃ ውስጥ አቆይቼ ነፍስ ዘራሁበት። ይህን ያህል ትንሽ ነገር ነው። ግን «እሷን ጠይቋት፣ ታውቃለች» ማለት የተጀመረው ከዚያ ነው።

በጥቅምት ሰሊጥ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያናችን የራሷ የሰሊጥ ማሳ አላት፤ ምእመኑ በየዓመቱ ወጥቶ ያጭድላታል። ሰሊጥ ደግሞ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ከተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል። ወንዶቹ በትራክተር ተሳቢ ተጭነው ጎሕ ሲቀድ ወጡ፤ ለሥራ ከጎጃምና ከወሎ የወረዱ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞችም «ለእመቤታችን ነው» ብለው በነፃ ተቀላቀሉ። ከመቶ በላይ ሰው ነው። ሌላ ጊዜ ምግቡ ከመንደር በስሎ ሲመጣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘገያል፣ ሰው ይጣላል። እኔ ገዳሪፍ ለትልቅ ድግስ ማብሰል ለምጄ ነበርና «ምድጃውን ለምን ማሳው ዳር አንቆፍርም?» አልሁ። ቆፈርን። ሰዉ ከእጁ ማጭድ ሳይወርድ ትኩስ በላ። ውኃ በቁርበት አልብሰን ጥላ ሥር ስላሰቀልን ቀዝቃዛ ጠጣ። ማሳው በሁለት ቀን አለቀ።

በሁለተኛው ቀን ማታ ስንመለስ፣ ተሳቢው ላይ ከሴቶቹ አንዷ «ዘንድሮስ ሰው አገኘን» አለች። ሌሎቹ ሳቁ፣ ትከሻዬን መቱኝ። አብሮ አደጌ ከፊት ተቀምጣ ነበር። አልሳቀችም። አቧራው ነው ብዬ አለፍሁት።

ኅዳር ሃያ አንድ ዓመታዊ ንግሣችን ነው። ታቦት ይወጣል፤ ከገንዳ ውሃም ከሽንፋም ሰው ይመጣል። ጾም ስለሆነ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ጎመኑ ሁሉ በበርሜል ነው የሚሠራው። አብሮ አደጌ ሥራ ስትመድብ እኔን ዕቃ አጠባ ላይ አደረገችኝ። ምንም አልተሰማኝም፤ ዕቃ ማጠብም ለእመቤታችን ነው። ግን ወጡ ሲያንስ፣ እንግዳ ሲበዛ፣ ሴቶቹ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እኔ ይሮጡ ጀመር። «አንች ምን ትያለሽ? ውኃ እንጨምር?» ይሉኛል። «እሷን ጠይቁ» እላለሁ። ይመለሱና እንደገና እኔኑ ይጠይቁኛል።

በዓሉ ካለፈ በኋላ ባለው ስብሰባ አንዲት እናት እንደዋዛ «ልጄ፣ ሙሴነቱ ዓመት ዓመት የሚዞር ቢሆን ምናለ? ለሚቀጥለው ለእሷ ብንሰጣት» ብለው ወደ እኔ አገጫቸውን ቀሰሩ።

«ኧረ እኔ አልፈልግም! ገና ትናንት የገባሁ ሰው» አልሁ ደንግጬ። እውነቴን ነበር።

አብሮ አደጌ ሳቀች። «ምን ችግር አለው፣ እህቴ አይደለች?» አለች። ሳቋ ከዓይኗ አልደረሰም። እኔ ግን ያን ጊዜ ያየሁት ጥርሷን ብቻ ነው።

በጥር የጥምቀት ለት ታቦቱ ወደ ወንዙ ወረደ። ወንዛችን በጥር አሸዋ ብቻ ነው፤ ከገንዳ ውሃ ቦቴ ውኃ አምጥቶ በሲሚንቶ የተሠራውን ገንዳ ይሞላዋል። ሙቀቱ ገና ከረፋዱ ያቃጥላል። እኔ በጣሳ ለሴቶቹ የሚጠጣ ውኃ አዞር ነበር። ከማኅበርተኞቹ ሁለቱ ጋ ስደርስ «ጠጥተናል» አሉኝ። ከንፈራቸው ደርቆ ተሰንጥቋል። ትንሽ ዞር ስል አንዷ ከሌላ ሴት እጅ ተቀብላ ስትጠጣ አየሁ። ከበሮ ልቀበል ስጠጋም አብሮ አደጌ «አንች ዛሬ ዕረፊ» ብላ ለሌላ አሳለፈችው። «ምነው?» አልኋት። «ደክሞሻል ብዬ ነው» አለች። አመንኋት። ሰው የሚያምነውን ሰው ለማመን ምክንያት አይፈልግም፤ ላለማመን ነው ብዙ ነገር የሚያስፈልገው።

ዐቢይ ጾም ገባ። መጋቢት ሃያ አንድ ላይ ጽዋውን የምቀበል ባለተራ እኔ ነበርሁ። ተቀበልሁ። ዝማሬው ቀጠን ያለ መሰለኝ፤ ጾሙ ነው፣ ሰው ደክሟል አልሁ። ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ የእናቴ አልጋ የነበረበት ጥግ አስቀመጥሁት። በየማለዳው እፊቱ ቆሜ እጸልይ ነበር። እናቴም በሕይወቷ ይህን ማኅበር ጠጥታለችና እሷ ያላየችውን፣ ልጇ ጽዋ የምትቀበልበትን ቀን እኔ አየሁላት ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚያዝያ ሃያ አንድ የኔ ተራ ሆነ። ፋሲካ ባለፈ በዘጠነኛው ቀን ነው። ጠላውን ቀድሜ ጠምቄያለሁ። ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦ ጋግሬ፣ በግ አሳርጄ፣ ወጡን ሠርቼ፣ ግቢውን ውኃ ረጭቼ፣ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተውሼ ደረደርሁ። ለሃያ ስምንት ሰው ነው ያዘጋጀሁት።

አባ በሰዓታቸው መጡ። ቀጥለው ከማኅበሩ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እማማ፣ ዱላቸውን እየተመረኮዙ ገቡ። እማማ ጆሯቸው አይሰማም። ከዚያ በኋላ የመጣ የለም።

ጠበቅን። አባ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው በሩን ያያሉ። እማማ ባዶ ወንበሩን እያዩ «ምነው፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ይላሉ። ወደ መንገዱ ወጥቼ አየሁ፤ ፀሐዩ ላይ የቆመ ባጃጅና አንድ አህያ ብቻ። ስልክ ደወልሁላት ለአብሮ አደጌ። አላነሣችም። ቆይቶ መልእክት መጣ፤ «አሞኛል፣ ይቅርታ።» ሃያ ስድስት ሴት በአንድ ቀን ታመመ? አልሁ ለራሴ።

አባ ዳቦውን ባረኩ። እማማ በደንብ በሉ፣ ጠጡ፣ መረቁኝ። «እናትሽ ነፍሷን ይማረው፣ እንዲህ ያለ ጠላ እሷም አልጠመቀችም» አሉኝ። ያን ቀን የቀመሰልኝ ማኅበርተኛ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የመጡትም ወሬው በጆሯቸው ስላልገባ ነው። ይህን ያወቅሁት ግን በማግሥቱ ነው።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ሁለት ማኅበርተኞች መጡ። አዲስ ነጭ ጨርቅ ይዘዋል። ደጃፍ ላይ ቆመው «ጽዋውን ልንወስድ ነው» አሉኝ። «ግቡ እንጂ» አልሁ። አልገቡም። አውጥቼ ስሰጣቸው አንደኛዋ በጨርቁ ነው የተቀበለችው፤ እጄ እንዳይነካት። ትልቋ ጽዋውን ይዛ ቀድማ ሄደች። ታናሿ ግን ልጅ እግር ስለሆነች እግሯ ተያዘባት፤ እያለቀሰች ቆመች።

«እትዬ፣ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

«ምኑ?»

«ሙስሊም ሆና ነው የመጣች፣ ማተቧን በምላጭ ቆርጣ ረመዳን ስትጾም ኖራለች፣ አሁንም ይናፍቀኛል ትላለች፣ ከጽዋችን ስትጠጣ ከረመች፤ አሉን። ጽዋውን ጠበል ሊያስረጩት ነው።»

ምላጩን የነገርሁት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ይናፍቁኛል ያልሁትም ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ማን አለሽ ብዬ መጠየቅ አያስፈልገኝም ነበር። ግን ጠየቅሁ፤ ምናልባት ሌላ ስም ትጠራልኝ ይሆናል ብዬ።

«ሙሴያችን ናቸው» አለች። «በጥር ለሁለት ሰው ነገሩ። በሕማማት ደግሞ ለሁላችን።»

ነጠላዬን አልደረብሁም። እንደቆምሁ ሄድሁ። አብሮ አደጌ ቤቷ በረንዳ ላይ ለዘር የሚሆን ማሽላ ስትለቅም አገኘኋት። ምንም አላመማትም። ስታየኝ እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ።

«ተሽሎሻል?» አልኋት።

ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች።

«ምን አድርጌሽ ነው?»

«ምንም አላደረግሽኝም።»

«ታዲያ?»

ቀና ብላ አየችኝ። እንድታፍር ጠብቄ ነበር፤ አላፈረችም። «ዋሸሁ? ከተናገርሁት አንዲት ቃል ውሸት አለበት? ካለ ንገሪኝ።»

«የለበትም» አልሁ። «ግን ጠበሉ ዘንድ ቆመሽ ነበር። ጧፍ ይዘሽ ነበር። ገላዬን የጋረድሽልኝ አንች ነሽ። እሱን ለምን አልነገርሻቸውም?»

«እሱን ማን ጠየቀኝ?» አለች።

እስከ ዛሬ ድረስ ከዚያች ቀን ሁሉ የሚጠዘጥዘኝ ይህ ቃል ነው። ብትዋሽብኝ ውሸት ነው ብዬ እጮህ ነበር። እሷ ግን እውነቱን ለሁለት ቆርጣ፣ የምታዋርደኝን ግማሽ ሰጥታቸው የምታከብረኝን ግማሽ እቤቷ አስቀረችው። እኔ ምን ብዬ እከራከራለሁ?

«ሙሴነቱን ፈልጌ መስሎሽ ነው?» አልኋት።

ማሽላውን መልቀም ጀመረች። ጣቶቿ ግን ጠጠሩንም ፍሬውንም አንድ ላይ ነበር የሚጥሉት። «አሥራ አንድ ዓመት እኔ ስለፋ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እናትሽን ስቀብር፣ ሁሉን ስሸከም… አንች ትናንት መጥተሽ ምድጃ ቆፈርሽና ሁሉም ‹እሷ፣ እሷ› አለ። እኔን አንድ ቀን እንዲያ ያለኝ ሰው የለም።»

የእናቴን ቀብር አነሣችብኝ። ያን ውለታ በልቤ ከፍ አድርጌ ይዤው ነበር፤ እሷ ደግሞ ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ ትመዝነው ኖራለች። ምንም ሳልላት ወጣሁ።

በቀጥታ አባ ዘንድ ሄድሁ። «አባ፣ እርስዎ ያውቃሉ። ቄደር እንዳደረጉልኝ፣ ቀኖናዬን እንደጨረስሁ ይንገሩልኝ» ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

አነሡኝ። ዓይናቸው ቀልቷል። «ልጄ፣ ቄደር አደረግሁላት ብል ከምን ተመለሰች ብለው ይጠይቁኛል። ከዚያ ወዲያ ያለው ንስሐሽ ነው። እኔ አንድ ቀን አፌን ከከፈትሁ ከነገ ጀምሮ በዚህ ደብር ንስሐ የሚገባ ሰው አይኖርም። አንች ግን ያንችን መናገር ትችያለሽ። የሚከለክልሽ የለም።»

ያን ጊዜ በእሳቸውም ተናደድሁ። ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ የሌለባት አወራችብኝ፤ ቢናገሩልኝ የምድንባቸው ሰው ደግሞ ምሥጢር ጠባቂ ሆኑብኝ። ቤቴ ገብቼ ስምንት ቀን አልወጣሁም። የተረፈውን ወጥ ለጎረቤት ሰጠሁ። ጠላው ኮመጠጠ፤ ደፋሁት።

ግንቦት አንድ ልደታ ነው። በእኛ ሰፈር የልደታ ንፍሮ ከቤት ውጭ፣ ከትልቁ ሾላ ሥር ነው የሚቀቀለው፤ ሰፈሩ በሙሉ ይወጣል። ላለመሄድ ቆርጬ ነበር። ፀሐይ ዘቅዘቅ ሲል ግን ዝማሬው ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ጀመር፤ እልልታው ውስጥ የእሷን ድምፅ ለየሁት። ተነሣሁና ሄድሁ።

ስደርስ ዝማሬው ቆመ። ሴቶቹ ከንፍሮው ድስት ዙሪያ ተቀምጠዋል፤ ወንዶቹ ትንሽ ራቅ ብለው። መቀመጫ አልፈለግሁም።

«የሰማችሁት እውነት ነው» አልሁ። «ማተቤን ቆርጫለሁ። ስሜን ለውጫለሁ። ረመዳን ጾሜያለሁ። የሚበላ አጥቼ ነው ብዬ ልሸነግላችሁ አልችልም፤ ፈርቼ ነው። ያኖሩኝ ሰዎች ደጎች ነበሩ፤ እነሱን ይናፍቁኛል ብያለሁ፣ ዛሬም ይናፍቁኛል። ስመለስ ግን ንስሐ ገብቻለሁ። የቄደር ጥምቀት ተጠምቄያለሁ። አንድ ዓመት ቀኖና ፈጽሜያለሁ። ጽዋችሁን የነካሁት ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ከእኔና ከንስሐ አባቴ ሌላ የሚያውቅ አንድ ምስክር አለ። እዚህ መሐላችሁ ተቀምጧል።»

ወደ እሷ አላየሁም። ሌሎቹ ግን ማንን እንደምል ገባቸውና ዞሩ። እሷ ንፍሮውን በማማሰያ ማዞር ቀጠለች። አንድ ቃል ብትል ኖሮ፣ «እውነቷን ነው» ብትል ኖሮ፣ እዚያው እግሯ ላይ እወድቅ ነበር። አላለችም።

ጆሯቸው የማይሰማው እማማ «ምን አለች? ምን አለች?» ይላሉ። ያቺ ጽዋ ልትወስድ መጥታ ያለቀሰችው ልጅ እግር ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብላ ጮክ ብላ ነገረቻቸው። እማማ አሰቡ። ከዚያ «ታዲያ ከተጠመቀች ምን ቀራት? ንፍሮ ስጧት እንጂ!» አሉ። ልጅቱ ዘግና ሰጠችኝ። አራት አምስት ሴቶች ተነሥተው ሳሙኝ። የቀሩት ግን ቁጭ እንዳሉ ናቸው። አንዷ «ማን ያውቃል?» ስትል ሰምቻለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ላይ አባ ሊያቆርቡኝ እንደሚፈልጉ ላኩብኝ። ተዘጋጅቼ ሄድሁ። በእኛ ደብር የሚቆርቡት ሕፃናትና አሮጊቶች ናቸው፤ በእኔ ዕድሜ ያለች ብቻዋን የምትኖር ሴት ስትቆርብ ሰው ሁሉ ያያል። አባ ሥጋውን ሲያቀብሉኝ ከሌላው ጊዜ ረዘም አድርገው የቆሙ መሰለኝ። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ተናገሩልኝ። ከዚያ ወዲያ «ማን ያውቃል» የሚል አልሰማሁም።

በሰኔ መጀመሪያ ማኅበሩ ሦስት ሽማግሌ ላከ። እሷንና አባንም ይዘው መጡ። የእናቴ ቤት ውስጥ፣ ሁለታችንን ፊት ለፊት አስቀመጡን። ትልቁ ሽማግሌ ስለ ይቅርታ ብዙ ተናገሩ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «በይ፣ ልጄ» አሏት።

ተነሥታ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። «ካስቀየምሁሽ ይቅር በይኝ» አለች።

ካስቀየምሁሽ። ቃሉን ጆሮዬ ያዘው። ያዘዛት ልቧ ሳይሆን ሽማግሌው እንደሆነ ገባኝ። ሽማግሌው ይጠብቃሉ፤ አባም መስቀላቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አልሁ። ደግሜም «እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አልሁ። ተቃቀፍን። ሽታዋን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የቅባት ሽታ ነው። ክንዴ ግን እንጨት ሆኖ ቀረ። ይቅርታ የሚባለው አፍ የሚለው ከሆነ ብያለሁ። ሌላ ነገር ከሆነ እስካሁን አልመጣልኝም፤ መጥቷል ብል እዋሻለሁ።

ወደ ማኅበሩ እንድመለስ ለመኑኝ። «ቆይቼ አስባለሁ» አልሁ። እሷ አሁንም ሙሴ ናት። ማንም አላነሣትም፤ እኔም ይነሡልኝ አላልሁም። ክረምቱ ገባ፣ ዋልካው ጭቃ ሆነ፣ ሰዉ ለዘር ወደ ማሳ ወጣ፤ ነገሩም እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ወሬነቱ አለቀ። ለሰፈሩ ነው ያለቀው። እኔና እሷ ግንብ ለግንብ ስለሆንን ጧት ጧት ድምፅዋን እሰማለሁ። መንገድ ላይ ስንገናኝ «እንዴት አደርሽ?» «እግዚአብሔር ይመስገን» እንባባላለን።

በነሐሴ፣ የፍልሰታ ጾም በገባ በአራተኛው ቀን፣ ከቅዳሴ ስመለስ አንዲት ሴት ተከተለችኝ። እሷም ከሱዳን የተመለሰች ናት፤ ከመጣች ወር አይሞላትም። አጎቷ ቤት ነው ያለችው። ዝናቡ ሲያካፋ በቆርቆሮ የተሸፈነች አንዲት ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልን።

«ስለ እርስዎ ሰምቻለሁ» አለችኝ። «ሁሉ ሰው ፊት ቆመው ተናገሩ አሉኝ። እኔም አንድ ነገር አለብኝ። ከእርስዎ ሌላ የሚገባው ሰው አይኖርም። ልንገርዎት?»

ፊቷን አየሁት። ሌሊቱን ሳትተኛ ያደረች መሆኗ ያስታውቃል። ነጠላዋን እስከ አገጯ ድረስ ተጠምጥማለች። በዚያች ደቂቃ የእናቷን ያህል አዘንሁላት። እጇንም ያዝሁት። ግን እንዲህ አልኋት፦

«አባ አሉ። አሁኑኑ ልውሰድሽ። ለእሳቸው ንገሪ። ለሌላ ለማንም አትንገሪ።»

«ለእርስዎም?»

«ለእኔም።»

ደነገጠች። ያስከፋኋት መሰላት። ላስረዳት አልቻልሁም፤ ክፉ ሰው ስለሆንሁ አይደለም አልኋት፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ዝናቡ ጋብ ሲል ይዣት ሄድሁ። አባ ዕቃ ቤቱ በር ላይ አገኙን። እሷ ገባች። እኔ ወደ ሴቶች በር ሄጄ ደረጃው ላይ ተቀመጥሁ። ብዙ ቆየች። ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር፤ አረማመዷ ግን ቀለል ብሏል። ምን አልሽ፣ ምን አሉሽ ብዬ አልጠየቅኋትም። ከጭቃው ደረቁን እየመረጥን አጎቷ ደጅ ድረስ ሸኘኋት።